በቁልቁለት የምትነሳ መኪና

ሰኞ፣ ኅዳር 3፤ ማታ

ዛሬም ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የተመለስኩት ከሹፌሩ ከጋሽ ይማም ጋር ነው፣ በመ/ቤታችን የክትባት መኪና። ሐረጎ ዳገት ላይ ጭጋግ። የፊት መብራቱን አበሩት። ቀጭን ሻይ የመሰለ ብርሃን። ነዳጅ ሲረግጡ ይደምቃል፣ እግራቸውን ሲያነሱ ይጠወልጋል። ክላክሱም ድምፁ ታፍኗል።

ደስ አለኝ፤ አትፍረጂብኝ፣ ደብተሬ። ት/ቤት የተማርኩትን ምልክት በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም! ልናገር ስል ስለ ልጃቸው ሠርግ ጀመሩ። ተውኩት። ወሬው ጣመኝ።

መካኒክ ሆኜ ኮምቦልቻ ከተመደብኩ ሁለት ወር። ጋራዡ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ። ሲስቁ እደርሳለሁ፣ ስደርስ ዝም ይላሉ። ከሰው ጋር የማወራው ጠዋትና ማታ መንገድ ላይ ነው። ማታ ሆጤ ሰፈር ካለችው ክፍሌ ከገባሁ በኋላ ያለሽኝ አንቺ ነሽ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ጠዋት ቀድሜ ደረስኩ። መኪናዋ ከጋሽ ይማም ቤት በላይ፣ አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍታ ቆማለች። ጎማዋ ሥር ድንጋይ። ድንጋዩን አነሱ፤ ተንደረደረች፤ ማርሽ አስገብተው ለቀቁላት፤ ተነሳች። በቁልፍ ያስነሱት መቼ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

“ደሴ ላይ ቁልፍ ለበር ነው፣ ልጄ።”

ሳቅሁ። እውነትም እዚህ ሹፌር ሁሉ እንዲህ ነው፤ ባትሪ መቆጠብ ይሉታል። ለዚህ ነዋ ማንም ያላወቀው! ባትሪው ቢሞትም ቁልቁለቱ ያስነሳታል። ኮምቦልቻ ግን ሜዳ ነው። ስከታተላቸው ዋልኩ። ምሳቸውን ሲበሉ እንኳ ሞተሩን አላጠፉም።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

በምሳ ሰዓት ኮፈኗን ከፈትኩ። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ አልላላም። ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ለካሁ። ቁጥሩ መውጣት ሲገባው ጭራሽ ይወርዳል። መብራት ሳበራ ደግሞ መሪው ፊት ያለችው ቀይ መብራት ፍዝዝ ብላ ትበራለች።

ጋሽ ይማም ከኋላዬ መጥተው ኮፈኗን ቀስ አድርገው ዘጉ። ያውቃሉ። ከመስከረም ጀምሮ እንደሚያውቁ ራሳቸው ነገሩኝ። ደሴ ፒያሳ ወዳጃቸው ዘንድ ባትሪውን በድብቅ ያስሞላሉ። መኪናዋ ከቆመች መኪና የሌለው ሹፌር ይባላሉ፤ መኪና የሌለው ሹፌር ደግሞ ከጦሩ ኮንቮይ ጋር ወደ ሰሜን ነው። አምና ከመ/ቤታችን የሄደው እስካሁን አልተመለሰም።

“ይኼን በኔና ባንቺ መሀል አድርጊው። በአላህ።”

እሺ አልኩ። አዝኜላቸው ብቻ እንዳይመስልሽ። በዚህ አገር ከማንም ጋር በመሀላችን የሚባል ነገር አልነበረኝም።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ጓሯቸው ውስጥ ዲናሞውን ፈታነው። ሚስታቸው እትዬ ዘምዘም ዳቦና ሻይ አመጡ። ብዙ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፤ እናቴን፣ አገሬን፣ ለምን እንደከሳሁ። ከሰው ጋር ክብ ሠርቼ መብላት ረስቼው ነበር።

ተስፋዬ ውስጡ እየተፋተገ የሚያልቀው ካርቦን ብቻ እንዲሆን ነበር። እሱን ከሌላ ካርቦን ሞርጄ እሠራለሁ። አይደለም። የውስጥ ሽቦው ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ ይሸታል። ይህ በእኔ እጅ አይድንም። መለዋወጫው አ.አ. ነው፤ የሚጠየቀውም በኃላፊያችን በጓድ ተሾመ በኩል ብቻ።

እንዳለ መልሰን አሰርነው። ፊቴን አይተው “አብሽሪ” አሉኝ። እሳቸው ናቸው እኔን የሚያጽናኑ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10፤ ከሰዓት

ትእዛዝ መጣ። ክትባት ዛሬ ማታ ወረኢሉ እንዲደርስ፣ የሚያቀዘቅዘው በረዶ ሳይቀልጥ። ጋሽ ይማምና አንዲት ነርስ። ሞተሩ ናፍጣ ነው፤ አንዴ ከተነሳ ያለ ባትሪም ይሄዳል። መብራቱ ግን ሐረጎን ሳይጨርሱ ይጠፋል። ጭጋግ፣ ገደል፣ ጨለማ።

መጀመሪያ የነገርኩት ለራሳቸው ነው። እንዳይሄዱ ለመንኩ። መንገዱን ዓይናቸውን ጨፍነው እንደሚያውቁት ነገሩኝ። እንግዲያውስ ለጓድ ተሾመ ልናገር ነው አልኳቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

“እንደ ልጄ ነበር ያየሁሽ” አሉ፤ ነርሷ ዕቃ ስትጭን ሊያግዟት ሄዱ። ልጅቷ በእኔ ዕድሜ ናት። እኔ የምቀመጥበት ቦታ ላይ ሹራቧን አስቀምጣለች።

ጓድ ተሾመ ስብሰባ ላይ ናቸው። ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። ዲናሞውን ይዘው አ.አ. የሚሄዱት ጋሽ ይማም ይሁኑ ብዬ እጠይቃለሁ፤ እስኪመለሱም መኪና ካላቸው ሹፌሮች ስም ዝርዝር እንዳይወጡ። ይሰሙኝ ይሆን? አንዲት ጀማሪ ልጅ። ካልሰሙኝ ሰውዬውን በገዛ አፌ ጦር ሜዳ ሰደድኳቸው ማለት ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ ሁለቱም ገደል ናቸው።

ከነገ ጀምሮ በአውቶቡስ ነው የምመላለሰው። እትዬ ዘምዘምም ምን ይሉኝ ይሆን።

እናገራለሁ። ወስኛለሁ። መኪናዋ አትወጣም።

ውስጥ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። መጀመሪያ የምለው… በሩ ተከፈተ።