ከሰልባትዮው ሥር ያለው ጨርቅ

ሐምሌ 7፣ ሰኞ። ጠዋት 3 ሰ.

አራተኛው ቡሎን እምቢ አለ። ዝገት በልቶታል። በመዶሻ ስቀጠቅጠው ጭንቅላቱ ተቆርጦ ተፈናጥሮ ግንባሬን መታኝ። እሰይ! የኦቦ ደጀኔን አሮጌ ጂፕ ሰልባትዮ፣ የነዳጅ ቋቱን፣ እያወረድኩ ነው። ቅዳሜ ከጫንጮ ሲመለሱ ሱሉልታ መግቢያ ላይ ከሥር ነደደባቸው። ነዳጁ እየተንጠባጠበ ሳያውቁ ነድተዋታል። የገበያው ሰው አፈር እየበተነ ነው ያጠፋው። ቀኝ እግራቸው እስከ ጉልበት ተልጧል። ሰባ ያለፋቸው ሽማግሌ! ይቺን ጂፕ የምንጠግነው እኔና ጫላ ብቻ ነን፣ እዚሁ ሰበታ። ሌላ እጅ አልነካትም። ደብተሬ፣ ደሜ ፈልቷል።

ቀን 9 ሰ.

ወረደ። ቋቱ የሚቀመጥበት የፊተኛው ድጋፍ ላይ፣ ብረት ከብረት እንዳይፋተግ ጎማ መነጠፍ ነበረበት። ያለው የበሰበሰ ጨርቅ ነው። ጨርቅ! ጨርቅ ውሃ ይጠጣል፣ ጠጥቶ ይይዛል፣ ክረምት ከበጋ ብረቱን እንዳረጠበ ይኖራል። ልክ በጨርቁ ልክ ቋቱ ወንፊት ሆኗል።

እኔ ጨርቅ አነጥፋለሁ? የሱ ሥራ ነው ብዬ ጫላን ጠራሁት። የእህቴ ባል ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ አይደለሁም ብሎ ሲጀምር አላስጨረስኩትም። በእጄ በነበረው ትልቅ የቡሎን መፍቻ መታሁት። መንጋጋው ላይ። ሲሰበር ሰማሁት። ከወደቀም በኋላ ረገጥኩት፤ ደብተሬ፣ አንተን አልዋሽህም። ጎረቤታችን በያጁ ከኋላ አንቆ ባይዘኝ እገድለው ነበር።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

የጫላ መንጋጋ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ጥርሱን በሽቦ አስረው ዘግተውታል። እህቴ ሰናይት ሐኪም ቤት ከመሰላል ወደቀ ብላ አስመዘገበች። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ፣ ለእማዬ ብዬ ነው አለችኝና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። አልጸጸትም። ሽማግሌ ያቃጠለ ሰው ነው። የእጁን አገኘ። የኔም እጅ አብጧል፣ ማንኪያ አይዝም።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ቡራዩ፣ ጫላ ቤት፣ ሽማግሌ ተቀመጠ። ጫላ መናገር ስለማይችል በወረቀት ይጽፋል። አላስታውስም፣ ጋሼ ሙሉጌታ አንተ ነህ ካሉ እኔ ነኝ ብሎ ጻፈ፤ ጋሼ የሚለው እኔን ነው። ፍርዱ፦ እኔ ስለመታሁት እሱን ይቅርታ እጠይቃለሁ። እሱ ደግሞ እሁድ 20 ሱሉልታ ሄዶ ኦ/ደጀኔ እግር ላይ ይወድቃል። ጉልበቱን ስሜ፣ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ፍትሕ ማለት ይኸ ነው አልኩ!

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ዛሬ የኋለኛውን ድጋፍ ፈታሁ። ፍቄ፣ አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ቀብቼ፣ ደህና አድርጌ እንደ አዲስ ላነጥፍ ነበር። እሱም ላይ ጨርቅ። ይኸኛው በዘይት ስለራሰ አልበሰበሰም። ዘረጋሁት። ኪስ አለው። ኪሱ ላይ በቀይ ክር የተሰፋ «ሙ»። የሰፋችው ባለቤቴ ናት፣ ቱታዬ ከጫላ ቱታ ጋር እንዳይቀያየር ብላ።

ወይኔ ጉዴ።

ሁሉም መጣልኝ። ካቻምና ነሐሴ። ጫላ ለአባቱ ለቅሶ አገር ቤት ሄዶ ሳምንት ቆየ። ኦ/ደጀኔ ቸኩለዋል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ የማነጥፈው ካላማዳሪያ፣ የአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ አልቆብኛል። አሮጌ ቱታዬን ቀደድኩ፣ አጣጠፍኩ፣ የተቃጠለ ዘይት አፈሰስኩበት፣ ሁለቱም ድጋፍ ላይ አነጠፍኩት። ዘይት ከጠጣ አይዝግም፤ ሰበታ ውስጥ የማይለው መካኒክ የለም። ለጊዜው ነው፣ ጎማ ሲገኝ እቀይረዋለሁ አልኩ። ረሳሁት። የፊተኛውን ጨርቅ ዘይት ጎማው የሚረጨው ውሃ አጠበው። ሁለት ክረምት!

ጨርቁን በርሜል ውስጥ ጨመርኩት፣ ቤንዚን ደፋሁበት፣ ለኮስኩት። ከዚያ በርሜሉን በብረት ዱላ ቀጠቀጥኩት። ቀጠቀጥኩት። መዳፌ እስኪደማ። ማንም አላየኝም።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ልነግረው ቡራዩ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ቃሉን እየተለማመድኩ። ጫላ አጥሚት በቀጭን ቱቦ ይመጥጣል። ሲያየኝ ከአልጋው ሊነሳ ታገለ። የሰበርኩት ሰው ለታላቅነቴ ሊነሳልኝ! እሁድ ኦ/ደጀኔ ፊት የሚሰጠውን ወረቀት አሳየኝ፤ የጎደለ ካለ ጋሼ ይጨምሩበት ይላል። አነበብኩት። ደህና ነው አልኩት። ደህና ነው! ምላሴ ይቆረጥ። ሰናይት በሩ ላይ ቆማ ፊቴን አታይም፣ ጫማዬን ነው የምታየው። ውጭ ወጥቼ ግንባሬን ከግንቡ ጋር አጋጨሁት፣ ሁለቴ። ወንድ ነኝ ባይ። መንጋጋ ለመስበር ፈጣን፣ አንድ ቃል ለማውጣት ሽባ።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ። ጠዋት

ሥራው አለቀ። አዲስ ቋት። ድጋፎቹ ሁለት ጊዜ አንቲረስት ተቀብተዋል። ካላማዳሪያው ተደርቦ ተቆርጦ ከድጋፉ ጋር ተጣብቋል፤ ውሃ እንዳይተኛበት መፍሰሻ ተውኩለት። አንድ ጨርቅ የለበትም። ያኔ ቢሠራ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። የግማሽ ቀን!

ማታ 12 ሰ.

ነገርኩት። ጫላ፣ ቡራዩ ቤቱ፣ ቁጭ ብሎ ሰማኝ፣ ሁሉንም፣ ማቃጠሌንም። ከዚያ ተነሳ። የመጀመሪያው ቡጢ አፌ ላይ፣ ሁለተኛው ዓይኔ ላይ፣ የቀረውን አልቆጠርኩም። ወለሉ ላይ ነኝ። እጄን አላነሳሁም። ሰናይት አልገላገለችም፤ ይበለው ትላለች እያለቀሰች። በታሰረ ጥርሱ መሃል ማሊፍ? ማሊፍ? ይለኛል፤ ለምን፣ ለምን። ድካም ሲጥለው አጠገቤ ተቀመጠ፣ የሁለታችንም ደም አንድ ምንጣፍ ላይ። ነገ አንተ ራስህ ትናገራለህ አለኝ። አንተ አለኝ። በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያው ነው።

ሐምሌ 20፣ እሁድ። ጠዋት 4 ሰ. ሱሉልታ

ጂፗ ውስጥ ነኝ፣ የኦ/ደጀኔ ግቢ። ሽማግሌዎቹ ገብተዋል። ኦ/ደጀኔ እግራቸውን እየጎተቱ ወጥተው አካም ጂርቱ ብለው ሰላም አሉን፣ ያበጠ ፊቴን አይተው ምን ነካህ አሉኝ፣ ወደቅኩ አልኩ። ጥፋተኛውን አጋለጥክልኝ ብለው መረቁኝ። በእጃቸው ራሴን ዳብሰው መረቁኝ፣ ጫላ እየሰማ!

ማስረጃ የለኝም፤ አቃጥዬዋለሁ። ዝም ብል ከጫላና ከሰናይት ሌላ ማንም አያውቅም፤ ጫላም በታሰረ አፉ ተከራክሮ አይረታኝ። ይኸ ሐሳብ አሁንም መጣብኝ፣ እርጉም። ሰናይት መስኮቱን እየደበደበች ነው። እኔ ስዘገይ ጫላ ጫማውን አውልቋል፣ በኔ ፈንታ ሊንበረከክ። ከሱ ቀድሜ እገባለሁ። በከዘራቸው ቢመቱኝ ራሴን አልሸፍንም። ፖሊስ ቢጠሩ እጄን እሰጣለሁ። የምለው ይኸው፣ እንዳልሸሽ ጻፍኩት፦ ኦቦ ደጀኔ፣ እግርዎን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ይኸ ልጅ ምንም አላጠፋም። በቃ፣ ወረድኩ።