ያለ ፈቃድ የተሠራ የወፍ ቤት ስለተባለው ቁጥቋጦዬ

ለተከበሩ የሠፈራችን የውበትና ጽዳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍዎስ? የእኔ እንቅልፍ ትእዛዝዎ በቤቴ በር ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ጠፍቶብኛልና፣ ምናልባት እርስዎ ዘንድ መጥቶ ከሆነ በደንብ ይያዙልኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ባልማር ኖሮ ቁጥቋጦዬ ሰኞ እንደሚመነጠር የሚናገረውን ወረቀት ሽንኩርት እጠቀልልበት ነበር፤ አሁን ግን አንብቤው ስንገበገብ ስለምውል የማታ ትምህርት ቤቱን አመሰግናለሁ። ቅሬታዬም የሚከተለው ነው።

፩ኛ/ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ያሰጣው ጨርቅ ላይ ወፍ ኩሷን ጣለችበት ብሎ ቢከስ፣ ተቆጣጣሪዎ መጥቶ «እማማ፣ ወፎችዎ ስንት ናቸው?» አለኝ። «ልጄ፣ ቆመው ከጠበቁህ አንተው ቁጠራቸው» ብዬ ብመልስለት፣ «ብዛታቸው ያልታወቀ» ብሎ በስሜ መዘገባቸው። አንዲት ዶሮ እንኳ የሌለኝን ሴት በአንድ ጠዋት የሰማይ ወፍ ሁሉ ባለቤት ስላደረጉኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፪ኛ/ ወፎቼ ከግቢ እንዳይወጡ እንዳደርግ ታዝዣለሁ። እኔ የወለድኳቸውን ልጆች እንኳ ከግቢ እንዳይወጡ ማድረግ አልቻልኩም፤ ወጥተውም አልተመለሱም። እርስዎ ዘዴው ካለዎት እባክዎ አይንፈጉኝ።

፫ኛ/ ቁጥቋጦው «ያለ ፈቃድ የተሠራ የወፍ ቤት» ተብሏል። እኔ አልተከልኩትም፤ ወፍ ዘራሽ ነው። የእኔ ድርሻ በበጋ፣ ምድሩ ሲደርቅ፣ ውሃ በሳህን ማኖር፣ ዝናቡ ሲበረታ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ጥሬ መበተን፣ እንቁላል ከጣሉ በኋላ ደግሞ ቅርንጫፍ አለመንካት ብቻ ነው። አሁን ጫጩቶቹ ተፈልፍለዋል፣ ላባቸው ግን ገና ነው። ሰኞ ቢመነጠር መሬት ላይ ይዘረገፋሉ፤ የልብስ ሰፊው ድመት ደግሞ እንደ እኛ ፈቃድ የምትጠብቅ ዜጋ አይደለችም።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ይታገሡ። ከበረሩ በኋላ መጥረቢያውን ራሴ አቀብላለሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ መኪና በሰማሁ ቁጥር ሠራተኞችዎ ቀድመው መጡ እያልኩ ከወንበሬ ብድግ፣ ወደ መስኮቱ፣ ደግሞ ቁጭ እላለሁ። ጽሑፌ ተንሻፎ ከሆነ ከትምህርቴ ማነስ ሳይሆን ከዚህ ነው።

መልስዎ እስኪደርሰኝ ትዕግሥት ያጣሁ፣ መልስ ካልመጣም ሰኞ ጠዋት ወንበሬን ቁጥቋጦው ሥር አድርጌ ሠራተኞችዎን በክብር የምቀበል፣

አሮጊት ነዋሪዎ

ማስታወሻ፦ ትናንት አቤት ልል መጥቼ፣ ስብሰባ ላይ ነዎት ተብዬ ደጅ ስጠና፣ የመሥሪያ ቤትዎ ስም ከተጻፈበት ሰሌዳ ጀርባ ድንቢጥ ጎጆ ሠርታ ጫጩቶቿን ስትመግብ አየሁ። ወይ እርሷ ፈቃድ አላት፣ ወይ በእናንተ ቤት ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የለም። አደራዎን፣ ለተቆጣጣሪዎ አይንገሩብኝ።