በኤረር በር ስለፈረሰው የሸክም ማሳረፊያ መደብ

ቀን፦ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመናኸሪያ አካባቢ የእግረኞች መንገድ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐረር

ጉዳዩ፦ የድንጋይ መደባችን እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ከሶፊ ወረዳ ስኳር ድንችና አትክልት በጀርባቸው ተሸክመው ኤረር በር ገበያ የሚሸጡ ሴቶች ወኪል ነኝ። ከመናኸሪያው ጎን ወገብ የሚደርስ የድንጋይ መደብ ነበረን። ጀርባችንን ሰጥተን ሸክሙን እናሳርፍበትና ገመዱን እንፈታ ነበር። ስንነሳም የሰው እርዳታ አያስፈልገንም ነበር።

2. መንገዱ ለእግረኛ እንዲመች መኪና ሲከለከልበት ደስ ብሎን ነበር፤ ከእኛ በላይ እግረኛ ማን አለና። የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያዎች ሊያዩ በመጡ ዕለት እንግዳ ቆሞ አይስተናገድም ብለን መደቡን ጠረግን፣ ሸክማችንን መሬት አወረድን፣ ሻርፓችንን አንጥፈን አስቀመጥናቸው። እነሱም መቀመጫ ነው ብለው መዝግበው ሄዱ። ለመቀመጫ ከፍታው በዝቷል ተብሎ መደቡ ፈረሰና ጉልበት የማይደርስ አግዳሚ ወንበር ተተከለ። ለምን ከፍ እንዳለ የጠየቀን የለም። ማክበራችን ጎዳን።

3. ልጄ መርየም ነፍሰ ጡር ነበረች። ሸክሟን ወንበሩ ላይ ለማሳረፍ ቁጢጥ ስትል ሸክሙ ወደ ኋላ ጎትቶ ጣላት። ፅንሱ አልተረፈም። የአላህ ውሳኔ ነው፣ በእርሱ ላይ አቤቱታ የለኝም። ወንበሩን ግን የተከለው ጽሕፈት ቤትዎ ነው።

4. ለጥበቃው ብንናገር «ከከበዳችሁ አትሸከሙ» አለን። ሠራተኛዎ ደግሞ መንገዱ አምሮ እንግዶች ፎቶ እየተነሱበት መሆኑን ነገረን። እውነት ነው፣ ያምራል። መርየም ግን ገበያ ካልወጣች የምትበላው ስለሌላት ሰሞኑን ወደ ሸክሟ ትመለሳለች። የምታሳርፈውም እዚያው ወንበር ላይ ነው።

5. ስለዚህ ወንበሩ ይቆይ፣ የሚቀመጥ ይቀመጥበት፤ አጠገቡ መደባችን እንዲሠራልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። በጀት የለም ከተባለ ድንጋዩን ራሳችን እናመጣለን። መሸከም እንደሆን እናውቅበታለን። አይፈቀድም የሚሉ ከሆነ ግን ክልከላውን በጽሑፍ ይስጡኝ፤ ጠዋት ጠዋት መርየም ስትደርስ ሸክሟን ከጀርባዋ የሚቀበላት ሠራተኛ ማን እንደሆነም ስሙን ጨምረው ይጻፉልኝ።

ከሰላምታና ከሐዘን ጋር

ነጂባ ሰዒድ
(የጣት አሻራ)