ጠባሳውን ሰረዝኩት

ውድ ፕራቲማ፣

ካትማንዱ ውስጥ ያጨበጨባችሁለትን የልቦለዴን ምዕራፍ ትናንት በዚህች የተራራ ከተማ ለልብስ ሰፊዋ ለኢሽዎሪና ለፍቅረኛዋ ለጁኑ አነበብኩላቸው። ጎረቤቱ የአክስት ልጆች አድርጎ ነው የሚያያቸው። ስጨርስ ኢሽዎሪ አገጯን ዳሰሰች።

«እህቴ፣ ይቺ አገጯ ላይ ጠባሳ ያላት ልብስ ሰፊ እኔ አይደለሁም እንዴ?» አለች ኢሽዎሪ። «ወንድሜ ቢያነበው በሕይወት የሚያኖረኝ ይመስልሻል?»

እዚያው እያየችኝ ጠባሳውንም ሙያውንም ሰረዝኩ። የምዕራፉ ሴትዮ ባዶ ሆነችብኝ። ይሄኔ ጁኑ፣ «ይልቅ ስታንኮራፋ ስጎሽማት፣ ጠዋት ‹አላንኮራፋሁም› ብላ እንደምትከራከረኝ ጻፊ። በዚህ ማንነታችንን ማንም አያውቅም፤ ያፈቀረ ሁሉ ግን ያምነናል» አለችኝ። ኢሽዎሪ በሩን ቆልፋ መጥታ ነው የሳቀችው።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። ካርድ ማንም ያነበዋልና እዚህም ስማቸውንም ሙያቸውንም የጠባሳውንም ቦታ ቀይሬዋለሁ። ፖስታ ቤት የማስገባውም ሌላ ከተማ ስደርስ ነው።

ሱሽማ