እየተናገረ ሞቷል ስለተባለው ኮምፒውተሬ

ጅጅጋ፣ ጥር 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ዐብዲኑር
የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ እና የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ የቴክኒክ አባል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለመላ አካላትዎ ጤና እመኛለሁ። ለዓይንዎ ግን አብልጬ እመኛለሁ፤ በትምህርት ቤታችን አንድ ዕቃ በሕይወት መኖሩና መሞቱ የሚታወቀው በእርስዎ ዓይን ብቻ መሆኑን ባለፈው ወር ተረድቻለሁና። የጅጅጋ ነፋስ አቧራውን ለሹምም ለምንዝርም እኩል ስለሚያድል መነጽር ቢያደርጉ አይከፋም።

ስሜ አመለወርቅ የኋላሸት ይባላል። ራሴን ማስተዋወቄ እንግዳ ሆኜብዎት አይደለም፤ ኮሚቴውን አስከትለው ወደ ሥራ ክፍሌ በመጡ ጊዜ እንደማያውቁኝ ስለሆኑብኝ፣ ረስተውኝ ከሆነ ላስታውስዎ ብዬ ነው። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ የመጣሁ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል እንግሊዝኛ የማስተምር ዓይነ ስውር መምህርት ነኝ። ለእኔ ተብሎ የተገዛውን ኮምፒውተር በባጃጅ ጭነው ያመጡት፣ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብልኝን ፕሮግራም የጫኑልኝ፣ «አባዮ፣ ከእንግዲህ አንብቡልኝ ብለሽ ማንንም አትለምኚም» ያሉኝ እርስዎ ነበሩ። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ በብሬል ያልተጻፈ አንድ ገጽ እንኳ ሰው ሳልለምን አንብቤ አላውቅም ነበርና ያን ዕለት ክፍሌን ዘግቼ አልቅሻለሁ። ከደምበል ገጠር ሲመለሱ የግመል ወተት ያመጡልኝ ነበር። በሰው አገር ወንድም አገኘሁ ብዬ ለእናቴ በስልክ ነግሬያታለሁ፤ እሷም በደወለች ቁጥር «ዐብዲኑር ደህና ነው?» ትለኛለች። ምን ብዬ እንደምመልስላት እስካሁን አላወቅሁም።

ቅሬታዬን በቁጥር አደርገዋለሁ፤ በቁጥር ያልተጻፈ ነገር ለእርስዎ ሪፖርት እንደማይመስልዎ አውቃለሁ።

አንደኛ፤ ባለፈው የሠርግ ወራት ወደ ክፍሌ መጥተው የኮምፒውተሬን ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስል ወደ ስክሪኑ የሚልከውን ዕቃ፣ እንድሰጥዎ ጠየቁኝ። የሠርግ ቪዲዮ እንደሚያቀናብሩና ካርዱ ለዚህ እንደሚያስፈልግዎ አልደበቁኝም፤ ስለ ግልጽነትዎ ዛሬም አመሰግናለሁ። «አባዮ፣ አንቺ ምስል ምን ያደርግልሻል? ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ የራሱ ምስል ማውጫ አለው፤ ምንም አይጎድልብሽም» አሉኝ። አባዮ ብሎ የለመነን ሰው እዚህ ፈርምልኝ ማለት በዚህ ከተማ ነውር ስለሆነ ውሰድ አልኩ፤ እንዲያውም የምጠቅምበት ነገር ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ ነበር። ሳር አይቶ ገደል የገባውን በሬ ሰው ሁሉ ሞኝ ይለዋል፤ እሱስ ሳሩን እንኳ አይቷል።

ሁለተኛ፤ ካርዱ ከወጣ ጀምሮ ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ጩኸት ማሰማት ጀመረ። ምን ሆኖ ነው ብዬ ስጠይቅዎ «ጉሮሮውን እየጠረገ ነው» ብለው አሳቁኝ። እኔ ግን ነገር ካላጣራሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝና ማሽኑን ራሱን ጠየቅሁት፤ እሱም ከኢንተርኔት ፈልጎ ሕመሙን ከነመድኃኒቱ በገዛ ድምፁ አነበበልኝ። ለካ ምስሉን በካርዱ በኩል ብቻ እንዲልክ የተስተካከለ ኖሮ፣ ካርዱ ሲነቀል የማዘርቦርዱ ምስል ማውጫ እንደተዘጋ ቀርቷል። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታህል ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥቶ መመለስና፣ ማሽኑ የድሮውን ትእዛዝ ሲረሳ የስክሪኑን ገመድ በማዘርቦርዱ ማውጫ ላይ መሰካት። ይህን ስነግርዎ «ነገ» አሉኝ። እኔም አልጎተጎትኩም፤ ማሽኑ እስካነበበልኝ ድረስ ስክሪኑ ቢጨልም ለእኔ ምኔም አልነበረም። ማሽኑም እንደ እኔው የወሰዱበትን ይመልሳሉ ብሎ ይጠብቅዎት ነበር።

ሦስተኛ፤ ይህኛውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ኮሚቴው አሮጌ ዕቃ ሊለይ በመጣ ጊዜ ኮምፒውተሬ ለተማሪዎቼ ያዘጋጀሁትን ምንባብ ጮክ ብሎ እያነበበልኝ ነበር። ሰብሳቢው ስክሪኑን አብርተው ቢያዩት ጨለማ ሆነባቸው፤ «ይሄ ምስል የለውም» አሉ። እየሰማችሁት አይደለም ወይ አልኩ። የኮሚቴው አሠራር ግን የታወቀ ነው፤ ስክሪን ካበራ ሕያው ነው፣ ካላበራ ሬሳ ነው፤ ጆሮ በመመሪያው ውስጥ የለም። ሰብሳቢው ቢሆንም ደግ ሰው ናቸውና «ባለሙያው ምን ይላል?» ብለው ወደ እርስዎ ዞሩ። በዚያች ሰዓት እኔ ፈጽሞ አልፈራሁም። የት እንደቆሙ ከሚያደርጉት ሽቶ አውቄ ነበርና ፊቴን ወደ እርስዎ መልሼ ፈገግ አልኩ። ካርዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ማሽኑ ደህና ነው፣ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የጠበቅሁት። እርስዎ ግን «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፤ አይሠራም» አሉና ፈረሙ። ከዚያም ሶኬቱ ሲነቀል ማሽኑ የጀመረውን ቃል እንኳ አልጨረሰም። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የዚያን ዕለት የሁሉም ዓይን በቦታው ነበር፣ የእርስዎ ልብ የት ሄዶ እንደነበር ግን እስካሁን አላገኘሁትም። ተከድቻለሁ፣ አቶ ዐብዲኑር። የሚያምር ቃል ብፈልግለትም አጥቼለታለሁ።

አራተኛውን ቅሬታ ስለ ግመል ወተቱ ስል ትቼዋለሁ።

አምስተኛ፤ ኮምፒውተሬ ከነድምፅ ማጉያው ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር በመጋዘን ተቆልፎ ጨረታ እየጠበቀ ይገኛል። ርዕሰ መምህሩ የራስሽን ፈተና ራስሽ አዘጋጅተሽ ማረም ካልቻልሽ ክፍልሽን ከሁለተኛው መንፈቅ ጀምሮ ለሌላ መምህር እንሰጣለን፣ አንቺ ቤተ መጻሕፍት ትቀመጫለሽ ብለውኛል። ማንበብ የተከለከለችን ሴት ከመጻሕፍት መሀል ማስቀመጥ ታላቅ ክብር መሆኑን ባልክድም፣ ተማሪዎቼን እወዳቸዋለሁና ክብሩ ይቅርብኝ። የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ሻሚስም ለምኛቸው «እህቴ፣ በወረቀት የሞተን ነገር ያለ ወረቀት አላስነሣም፤ ሞቷል ብሎ የፈረመው ባለሙያ አልሞተም ብሎ ይፈርምና ዛሬውኑ ውሰጂው» ብለውኛል። እነሆ ትንሣኤው በእርስዎ እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ምስጋናዬን ሳላቀርብ ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁ። በመልካም አስተዳደር ሳምንት መድረክ ላይ ወጥተው ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ስላደረጉት ንግግር አመሰግናለሁ፤ ሰው ሁሉ አጨብጭቧል፣ እኔም ከፊት ተቀምጬ ነበርና እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። በንግግሩ መሀል በስክሪን የታየው ፊልምም ያለ አንዳች መቆራረጥ እንደሄደ የሥራ ባልደረባዬ መምህርት ሂቦ ነግራኛለች። ካርዱ በደህና እጅ መውደቁን በማወቄ ተጽናንቻለሁ።

ስለዚህ ካርዱን መልሱልኝ አልልም። ሙሽሮቹ ይመረቁበት፣ እርስዎም ይጠቀሙበት። የምለምንዎ ጨረታው ሳይወጣ ወደ መጋዘኑ ወርደው፣ ያችን ባትሪ አውጥተው መልሰው፣ ስክሪኑ ሲበራ በዓይንዎ አይተው፣ ያን ዕለት የጠበቅሁትን አንድ ዓረፍተ ነገር በወረቀት እንዲያሰፍሩልኝ ብቻ ነው። ስምዎ የሚጎድፍ መስሎ ከታየዎ፣ ያልጎደፈው እስከ ዛሬ እኔ ዝም ስላልኩ መሆኑን በታላቅ ትሕትና አሳስባለሁ።

ዝናዎ ከቀብሪበያ እስከ ደምበል በየሠርግ ቤቱ እንዲናኝ፣ ስክሪንዎም ከቶ እንዳይጨልም እየተመኘሁ፣ በማይገባኝ ድፍረት የጻፍኩትን ይህን ደብዳቤ በማይጠፋው አክብሮቴ እዘጋለሁ።

አመለወርቅ የኋላሸት
(በብሬል ጽፌ፣ በመምህርት ሂቦ እጅ የተገለበጠ)

ግልባጭ፦
ለርዕሰ መምህሩ
ለንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ዓይን ላላቸው ሁሉ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባለፈው ሐሙስ የመጋዘኑ ጥበቃ ሳሃል ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ፈልጎ የሞተውን ኮምፒውተር ሶኬት ላይ ሰክቶ ቢከፍተው፣ ከወንበሮቹ መሀል የወንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ ተናገረው። ሳሃል ጫማውን ጥሎ ሮጠ፤ መጋዘኑ ጂን ገብቶበታል ተብሎም ሼክ ተጠሩ። ሼኩ በሩ ላይ ቆመው ጥቂት አዳመጡና «የጅጅጋ ጂን ቢሆን በሶማሊኛ ያናግረን ነበር፤ የእንግሊዝኛ መምህር ጥሩ» አሉ። የተጠራሁት እኔ ነኝ። ማሽኑ ሬሳ ሆኖም የይለፍ ቃሉን እየጠየቀ ነበር። ቃሉን የመረጡልኝ እርስዎ ስለነበሩ ያስታውሱታል ብዬ አምናለሁ፤ «አባዮ» ነበር። ሼኩም፣ ሳሃልም፣ ወይዘሮ ሻሚስም ቆመው እየሰሙ ለመጨረሻ ጊዜ ጻፍኩት፤ ማሽኑም ከፈተልኝ። ከዚያ ቀየርኩት።