ሥሩ የተበላ

ሰኞ፣ ማርች 31

ብርዱ ቀንሷል። የአጋዘን ሥጋ ቀቅዬ ብቻዬን በላሁ። በስልሳ ዓመቴ ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ የለቀምኩት ፊደል ለዚህ ሆነ... የበላሁትን ለመጻፍ።

ቱሊማ በሩን ከፈት አድርጋ፣ "ሚስቴ፣ ደህና አደርሽ?" አለችኝ። የወንድሜ የአኩማሊክ የልጅ ልጅ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ። የሟቹን ባሌን ስም የሰጣት አኩማሊክ ነው። በእኛ ዘንድ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ስሙን የያዘ ራሱ ሟቹ ነው። ስለዚህ "ባሌ" ልላት ይገባኛል። አንድም ቀን ብዬ አላውቅም። ሰው አጥፍቶ በስም መካስ... እንዲህ ቀላል ነው?

"በሩን ዝጊ፣ ብርድ አታስገቢ" አልኳት። ሳቀች።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2

ካርታ የምትሠራ ሴት ከደቡብ መጣች። ካናዳን ሙሉውን የመንደራችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ጽሑፉ ሁሉ ታች ጠርዙ ላይ ተጠቅጥቋል፤ ወደ እኛ ሲመጣ ነጭ ነው። ሰው ያልረገጠው ይመስላል። ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ማን ኖረበት?

የቦታ ስም ጠየቀች። አኩማሊክ ወንበር ስቦ ፊት ተቀመጠ። ኮረብታውን፣ ሐይቁን፣ ዓሣ የሚወጣበትን ወንዝ ዘረዘረላት። ጣቷ በሁለቱ ደሴቶች መካከል ካለው ጠባብ ባሕር ላይ ደረሰ።

"ይሄስ?"

"ስም የለውም" አላት አኩማሊክ።

ዓይናችን ተገጣጠመ። ወዲያው ሻዩን አነሳ።

ስም አለው። ሥሩ የተበላ። ከታች የሚሮጠው ውሃ በረዶውን ይበላዋል፤ አመዳዩ ከላይ ይሸፍነዋል። የዛሬ ሃያ አራት ዓመት አኩማሊክ ባሌን "ዘንድሮ ጠንክሯል፣ አቋርጥ" አለው። በረዶው ተሰብሮ ከነጎታች ውሾቹ ውሃው ውስጥ ገባ። አኩማሊክ ዛሬ ስሙን ቢያወጣ ታሪኩን ይጠይቁታል።

በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ስሙን ሳልናገር ወጣሁ። እኔን ማን ጠየቀኝ?

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

ቱሊማ ሴትዮዋ ትታ የሄደችውን ካርታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። ነገ አቆስጣ፣ በረዶው ላይ የሚወጣውን የባሕር አውሬ፣ ለማደን ትወጣለች።

"ሚስቴ፣ በዚህ በጠባቡ ባሕር ብቆርጥ ግማሽ ቀን አተርፋለሁ። አያቴ ግን ዙሪ፣ ዙሪ ይላል። ለምን ስለው ይቆጣል። እርጅና ፈሪ ያደርጋል መሰለኝ!"

"አያትሽን ደግመሽ ጠይቂው።"

"ስንቴ ልጠይቀው?"

"እንግዲያው እኔ ምን አገባኝ?"

ካርታዋን አጣጥፋ ወጣች።

ምን አገባኝ... አሁን ጽፌ አየሁት። ሲጻፍ ያስጠላል።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 11

የበረዶ ሞተሯ ሲነሳ ሰማሁ። ጫማዬን ሳላስር ሮጬ ፊቷ ቆምኩ።

"ሚስቴ፣ ምን ሆንሽ? ልትከተይኝ ነው?"

"ካርታውን አምጪ።"

በእርሳስ ጻፍኩበት። ፊደሉ ተንጋደደ። ሰው እንዲያነበው ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

"ሥሩ የተበላ" ብላ አነበበች። "ማንን ነው የበላው?"

"አንተን" አልኳት። "ከነውሾችህ፣ አቋርጥ ተብለህ።"

ሳቋ ጠፋ። "አቋርጥ ያለኝ ማን ነው?" አለች።

ነገርኳት። ሞተሩን አዞረች። በዙሪያው ሄደች።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

ቱሊማ ትናንት ተመለሰች። ስትመለስ ከጠባቡ ባሕር ዳር ቆማ አመዳዩን በብረት ወጋችው። አንድ ጊዜ ብቻ። ጥቁር ውሃ ፈለቀ።

ለአያቷ ሰላምታ አልሰጠችውም። ጠዋት እኔ ጋ መጣ፤ ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም።

"ደስ አለሽ፣ እቴ?"

"አላለኝም።" እውነቴን ነው። ሃያ አራት ዓመት የተመኘኋት ቀን... ጣዕም የላትም።

"እኔው እነግራት ነበር።"

"መቼ?"

ወደ በሩ ሄደ። እጀታውን ይዞ፣ "አንቺስ? የዚያን ዕለት አዳራሹ በር ላይ ቆመሽ አልነበር?"

ወጣ።  የዚያን ዕለት የጻፍኩትን ገልጬ አነበብኩ።

ከሰዓት በኋላ ቱሊማ አቆስጣውን ጎትታ ወለሌ ላይ ጣለችው። አዳኝ ያመጣውን የምታከፋፍል ሚስት ናት።

"ሚስቴ፣ ዙሪያው ወገቤን ቆርጦታል። በይ አከፋፍይ።"

"ባሌ፣ ቢላዋውን አቀብለኝ" አልኩ።

ለጎረቤት ሁሉ አወጣሁ። ለአኩማሊክም ቆረጥኩለት። አጥንት የበዛበትን።