ስም የከበደው አፕ

ሰኞ፣ ማርች 2
ከጠዋት ጀምሮ ስልክ ከጆሮዬ አልወረደም። ኢድ ደርሷል፤ ኬክ ሻጮቹ በኛ አፕ ትዕዛዝ ይቀበላሉ፣ ሲጨንቃቸው ለኔ ይደውላሉ። ወጣቱ አለቃችን ባጋስ ዛሬ አዲሱን የአፑን እትም ለቀቀ። 1.10 ይላል፤ ያው 1.1 ማለት አይደል? ያለን እኮ 1.9 ነበር… ወደ ኋላ? ልጁን ፆሙ ጎድቶታል መሰለኝ። ለጠየቁኝ ሁሉ «ተሳስተው ነው፣ አትንኩት» አልኳቸው።

ረቡዕ፣ ማርች 4
ጉድ ፈላ! «ቡ ማርኒ፣ ከዘጠኝ ቀጥሎ አሥር አይደል እንዴ? ነጥቧ መለያ ብቻ ናት» አለኝ ባጋስ፤ እንደ እናቱ «ቡ» ብሎ ነው የሚጠራኝ። ትዕዛዝ የሚያጠፋው ችግር የተስተካከለው ደግሞ በዚሁ በ1.10 ነው! ተመልሼ ሁሉም ጋ ደወልኩ። ማን ይስማኝ? «ከዘጠኝ ወደ አንድ? ወግጂ!»

ሐሙስ፣ ማርች 5
ዊጂ ደወለች። የልጅነት ጓደኛዬ… አፑን ያስጫንኳትም እኔ። የአናናስ ብስኩት ትዕዛዝ ጠፍቶባት ደንበኛዋ በሰው ፊት ሰድባታለች። «ትናንትና አትንኪው፣ ዛሬ ንኪው! አፕሽንም አንቺንም አልፈልግም።» ዘጋችብኝ።

ዓርብ፣ ማርች 6
«2 በለውና እንገላገል» አልኩት ባጋስን።
«አይሆንም። 2 ማለት ትልቅ ነገር ተለወጠ፣ አሮጌው አይሠራም ማለት ነው። ቃል ነው፣ ቡ።»
«ሕፃን ሲታመም፣ መድኃኒት እምቢ ሲል፣ እናትህ ምን ይሉ ነበር?»
ሳቀ። «ስሙ ከብዶታል።»
በኛ ዘንድ ስም የከበደው ልጅ ስሙ ካልተለወጠ አይድንም፤ ባጋስም በልጅነቱ ስሙ ተለውጦ ነው የዳነው! እናቱ ነግረውኛል።
«እና ይሄኛውስ ልጅ፣ አፑ?»
ጭንቅላቱን አከከ… «እንግዲያው 2 ይባል፤ አሮጌውን እዘጋዋለሁ። ቃሌ እንዲጠበቅ።»

ሰኞ፣ ማርች 9
ቀይና ነጭ የሩዝ ገንፎ ሠራሁ። ያለ እሱ ስም ይለወጣል? ፆም ስንፈታ ሁላችንም ቀመስን፤ ባጋስ 2.0 ብሎ ለቀቀው። ለኬክ ሻጮቹ የገንፎውን ፎቶ ላክሁላቸው፣ «ስሙ ተለውጧል» ብዬ። ሌላ ማብራሪያ የጠየቀኝ የለም! ለዊጂ ግን አንድ ሳህን ገንፎ ሰደድኩ። መልስ የለም።

ሐሙስ፣ ማርች 12
ሁሉም ጭነውታል። ማታ፣ ፆም እንደፈታን፣ የቢሮው በር ተንኳኳ… ዊጂ! ሳህኔን በአናናስ ብስኩት ሞልታ።
«ገንፎሽ ስኳር ይጎድለዋል» አለች። «ትዕዛዜ ግን አንድም አልጎደለም።»
ተቃቅፈን ሳቅን። ባጋስ ጉንጩን በብስኩት ወጥሮ ብቅ አለ። «ቡ ማርኒ፣ 2.9 ላይ ስንደርስስ?»
«ቁጥሩን ከመጻፍህ በፊት ንገረኝ። ሩዙን እዘፈዝፋለሁ።»